የሸንገን የጉብኝት ቪዛ ከአዲስ አበባ፦ ከፓስፖርቱ እስከ ድንበሩ፣ ደረጃ በደረጃ

ቪዛ የተከለከለ ሰው ፋይሉን ይዞልኝ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው የባንክ ሒሳቡን አይደለም። ቀኖቹን ነው። የሥራ ደብዳቤው አንድ ቀን ይላል፣ የበረራ ማስያዣው ሌላ፣ ሆቴሉ ደግሞ ሦስተኛ። ስሙ ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ባንኩ በሰጠው ወረቀት ላይ በሌላ ዓይነት ተጽፏል። ሰውዬው እውነተኛ ጎብኚ ነው። ሥራም ገንዘብም አለው። የቆንስላው ሠራተኛ ግን ሰውዬውን አያውቀውም። የሚያውቀው ወረቀቶቹን ብቻ ነው፤ እነሱ ደግሞ እርስ በርስ አይስማሙም።

ይህ መመሪያ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ሸንገን አገሮች ለጉብኝት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ለሚሄዱ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው አምስተኛውን ደረጃ ሳይሠራ ስምንተኛው ላይ ሲገኝ ነው።

1. ለየትኛው አገር እንደምታመለክቱ ለዩ

ሸንገን በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው 29 የአውሮፓ አገሮች ናቸው። እንግሊዝ የለችበትም። አየርላንድና ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል ቢሆኑም ሸንገን ውስጥ አይደሉም። ስዊዘርላንድና ኖርዌይ ደግሞ ኅብረቱ ውስጥ ሳይሆኑ ሸንገን ውስጥ ናቸው።

ማመልከቻው የሚገባው ረጅም ጊዜ ለምትቆዩበት አገር ነው። ሮም ሰባት ሌሊት፣ ፓሪስ ሦስት ሌሊት ካደራችሁ ጣሊያን ነው። ቆይታው እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገቡበት አገር ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ "እዚያኛው ኤምባሲ ይቀላል" ተብላችሁ ለማትሄዱበት አገር አታመልክቱ። የጉዞ ዕቅዳችሁን ሲያዩ ማመልከቻውን ላይቀበሉት ይችላሉ። ቪዛውን አግኝታችሁ ሌላ አገር ብትወርዱም ድንበር ላይ ጥያቄ ይጠብቃችኋል።

አንዳንዱ አገር ማመልከቻ የሚቀበለው ራሱ ኤምባሲው ነው፣ ሌላው በቪዛ ማመልከቻ ማዕከል በኩል። አዲስ አበባ ውስጥ ራሱ ቪዛ የማይሰጥ አገርም አለ፤ ሌላ ኤምባሲ ይወክለዋል። ይህን ከጎረቤት ሳይሆን ከኤምባሲው ድረ ገጽ አረጋግጡ።

2. ከጉዞው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ደንቡ ከጉዞው ከ6 ወር በፊት ጀምሮ፣ ቢዘገይ 15 ቀን እስኪቀረው ድረስ ማመልከት ይቻላል ይላል። በ15 ቀኑ አትታለሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ አሠራሩን አጥብቋል። መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ወጣ። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቀረ። ለአንዳንድ አመልካቾች ይደረግ የነበረው ሰነድ የመቀነስ አሠራርም ቆመ። ስለዚህ "ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ" ብላችሁ ወረቀት አታጉድሉ።

እኔ የምመክረው ከአራት ወር በፊት መጀመር ነው። አንድ ወር ሰነድ ለማሰባሰብ፣ አንድ ወር ቀጠሮ ለማግኘት፣ 45 ቀን ለውሳኔ፤ የቀረው ለሚያጋጥመው ነገር።

ቀጠሮ ከጠፋ የጉዞውን ቀን ግፉት እንጂ ለቀጠሮ ደላላ ገንዘብ አትክፈሉ። ደላላው ፓስፖርታችሁን ይይዛል፣ ኢሜይልና ስልክ የራሱን ያስገባል። ኤምባሲው ተጨማሪ ሰነድ ሲጠይቅ መልእክቱ የሚደርሰው ለእሱ ነው።

3. ፓስፖርቱን ገልጣችሁ መርምሩ

አራት ነገር እዩ።

- የተሰጠበት ቀን ከ10 ዓመት ያልበለጠ፤
- ከሸንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፤
- ቢያንስ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው፤
- ያልተቀደደ፣ ውሃ ያልነካው፣ የፎቶው ገጽ ያልተላጠ።

አንዱ ከጎደለ እዚሁ ቁሙ። መጀመሪያ ኢሚግሬሽን ሄዳችሁ አሳድሱ። ቀጠሮ ይዤ እግረ መንገዴን አሳድሳለሁ አትበሉ። ፎርሙም፣ ኢንሹራንሱም፣ የበረራ ማስያዣውም የሚሠራው በፓስፖርት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲቀየር ሁሉም እንደገና ይሠራል።

አሮጌ ፓስፖርት ላይ የቀድሞ ቪዛና ማኅተም ካለ አትጣሉት። አብራችሁ አቅርቡ።

4. ሰነዶቹን ሰብስቡ

ሰነዶቹ ሦስት ጥያቄ ይመልሳሉ። ለምን ትሄዳላችሁ? በምን ገንዘብ? ለምን ትመለሳላችሁ? ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው።

*ተቀጣሪ ከሆናችሁ።* የመሥሪያ ቤት ደብዳቤው የተቀጠራችሁበትን ቀን፣ የሥራ መደቡን፣ የወር ደመወዙን፣ ፈቃዱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና ወደ ሥራ የምትመለሱበትን ቀን መጻፍ አለበት። "የድርጅታችን ሠራተኛ መሆናቸውን እንገልጻለን" ብቻ የሚል ደብዳቤ አይረዳችሁም። የፈራሚው ስም፣ ስልክና ማኅተም ይኑርበት። ኤምባሲው ሊደውል ስለሚችል ስልኩን የሚያነሣው ሰው ስለ ጉዞው ይወቅ። የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት አያይዙ።

*ነጋዴ ከሆናችሁ።* የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የንግድ ምዝገባ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የድርጅቱና የግላችሁ የባንክ ስቴትመንት። ሱቁን በሌላችሁበት ጊዜ ማን እንደሚያንቀሳቅሰው በአጭር ደብዳቤ ግለጹ።

*የመመለሻ ምክንያት።* የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ። ያላችሁን አቅርቡ። የሌላችሁን ከሰው አትዋሱ። ካርታው ላይ የሌላ ሰው ስም ካለ የሚጎዳው እናንተን ነው።

*የባንክ ስቴትመንት።* እዚህ ላይ ረጋ በሉ። የሚታየው የመጨረሻው መስመር ላይ ያለው ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ እንዴት እንደመጣም ይታያል። ለአምስት ወር 20 ሺህ ብር ሲንቀሳቀስበት የኖረ ሒሳብ ማመልከቻው ሊገባ ሳምንት ሲቀረው 600 ሺህ ብር ቢገባበት የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፦ ብድር። በእርግጥ ዕቁብ ደርሷችሁ ይሆናል። መኪና ሸጣችሁ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ አስረዱ። ለዕቁቡ ሰብሳቢውና ጸሐፊው የፈረሙበት ደብዳቤ፣ ለመኪናው በውልና ማስረጃ የጸደቀ የሽያጭ ውል አያይዙ። ዕቁቡ ያልደረሳችሁ ሰዎች ደግሞ ሒሳቡን ለማሳበጥ ከዘመድ አትዋሱ። የወር ገቢያችሁን የሚመስል ሒሳብ አጠር ያለ ጉዞ ያስኬዳል። አሥር ቀን የሚያስኬድ ገንዘብ ያለው ሰው ለአሥር ቀን ይጠይቅ።

ስንት ይበቃል? እያንዳንዱ አገር የራሱ መለኪያ አለው። ለምሳሌ ጀርመን በቀን 45 ዩሮ ትላለች። ፈረንሳይ ሆቴል ለያዘ ሰው በቀን 65 ዩሮ፣ ሆቴል ለሌለው 120 ዩሮ ትጠይቃለች።

*ዘመድ የሚያስተናግዳችሁ ከሆነ።* በኢሜይል የተጻፈ "ኑልኝ" በቂ አይደለም። ጀርመን ያለ ዘመድ ወጪያችሁን እንደሚችል በከተማው የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርቦ ፈርሞ፣ ዋናውን ሰነድ ይላክላችሁ። ፈረንሳይ ያለው ከሚኖርበት ማዘጋጃ ቤት የማስተናገጃ ማረጋገጫ ያወጣል። ከሰነዱ ጋር የዘመዱን መታወቂያ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ኮፒና ዝምድናችሁን የሚያሳይ ወረቀት አስቀምጡ። የአክስት ልጅ ከሆነ ዝምድናውን በወረቀት ማሳየት ይከብዳል። እህቴ ናት ብላችሁ ግን አታሳጥሩት። በልደት ወረቀቱ ላይ የአባት ስም ሲለያይ ይታያል።

*ልጅ ይዛችሁ ከሆነ።* የማይሄደው ወላጅ ፈቃዱን በውልና ማስረጃ አጽድቆ ይስጥ። ይህ ወረቀት ቦሌም ላይ ሊጠየቅ ስለሚችል ዋናውን ያዙ።

5. ቀንና ስም አስማሙ

ሰነዱ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ሲሰበሰብ አንድ ሙሉ ምሽት ለዚህ ስጡ። የኛ ሰው በብዛት የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም የምንኖረው በሁለት የዘመን አቆጣጠር ነው።

አንድ ጓደኛዬ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ፈቃዱ "ከመስከረም 5 ቀን ጀምሮ" ነው ይል ነበር። አስተርጓሚው ወሩን ብቻ ቀይሮ "ሴፕቴምበር 5" አለው። መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ግን ሴፕቴምበር 15 ነው። በረራው ሴፕቴምበር 15፣ ተመላሹ ሴፕቴምበር 27። በተተረጎመው ደብዳቤ ግን ሴፕቴምበር 18 ላይ ሥራ ገብቷል። አንድ ቀን ሳይዋሽ ፋይሉ ዋሽቶበታል። ያየነው ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ በሩጫ አስተካከልነው።

እንዲህ አድርጉ።

1. አንድ ባዶ ወረቀት ላይ አራት ቀን ብቻ ጻፉ፦ የምትነሡበት፣ የምትደርሱበት፣ የምትመለሱበት፣ ሥራ የምትገቡበት። ሁሉንም በፈረንጆች አቆጣጠር።
2. እያንዳንዱን ሰነድ አንሡና ከአራቱ ቀኖች ጋር አስተያዩ። ያልተስማማውን ለይታችሁ አስቀምጡ።
3. ትርጉም ሲሠራ አስተርጓሚው ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ። ተርጉሞ ሲሰጣችሁ እዚያው ቆማችሁ ቁጠሩ።
4. የልደት ቀናችሁ በፓስፖርቱ፣ በልደት ምስክር ወረቀቱና በጋብቻ ወረቀቱ ላይ አንድ መሆኑን እዩ።
5. ስሙን ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ጸጋዬ በእንግሊዝኛ በ"ቲ" ይጀመራል፣ በ"ኤስ"ም ይጀመራል። መለኪያው ፓስፖርቱ ነው። ባንኩም መሥሪያ ቤቱም በዚያ ይጻፉላችሁ።

ስሙ ሊስተካከል ካልቻለ፣ ለምሳሌ የድሮ የጋብቻ ወረቀት ከሆነ፣ ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን ከሰጪው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ አስጽፉ።

6. በረራ፣ ማደሪያና ኢንሹራንስ፤ በዚህ ቅደም ተከተል

በረራውን አስይዙ እንጂ ቪዛ ሳይወጣ አትግዙ። ኤምባሲው የተገዛ ቲኬት ካልጠየቀ በቀር ማስያዣው ይበቃል። ሆቴሉን ያለ ቅጣት ሊሰረዝ በሚችል መንገድ ያዙ፤ ለእያንዳንዱ ሌሊት። በሮምና በፓሪስ መካከል አንድ ሌሊት ከጎደለ ያቺ ሌሊት ጥያቄ ትሆናለች። ፋይሉ ከገባ በኋላ ሆቴሉን አትሰርዙ። ደውለው ቢጠይቁ "የለም" የሚል መልስ ያገኛሉ።

ኢንሹራንሱ በመጨረሻ፣ ቀኖቹ ከተወሰኑ በኋላ ይገዛል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ፣ ከመግቢያው እስከ መውጫው ቀን ያለውን ሙሉ ጊዜ የያዘ ይሁን። የትኞቹን የመድን ድርጅቶች እንደሚቀበል ኤምባሲውን ቀድማችሁ ጠይቁ። ቪዛ ቢከለከል ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነም ሳትከፍሉ ጠይቁ።

7. ፎርሙን ሙሉ

ጀርመን "ቪዴክስ"፣ ፈረንሳይ "ፍራንስ ቪዛስ" የተባለ የራሳቸው የኦንላይን ፎርም አላቸው። ራሳችሁ ሙሉት። ሌላ ሰው ከሞላላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አስነብቡት። "ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክለዋል?" የሚል ጥያቄ ካጋጠማችሁ እውነቱን መልሱ። የሸንገን አገሮች የጋራ የቪዛ መዝገብ አላቸው። አንዱ የከለከለውን ሌላው ያያል። ክልከላውን መደበቅ ከክልከላው የባሰ ነው።

ፎቶው 35 በ45 ሚሊሜትር፣ በቅርቡ የተነሣችሁት ይሁን። በሃይማኖት ምክንያት ፀጉር መሸፈን ይቻላል፤ ፊት ግን ሙሉ በሙሉ ይታይ።

8. የቀጠሮው ቀን

ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አንብቡ። ወረቀቱ 8:30 ካለ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በኛ ስምንት ሰዓት ተኩል ብለው ከምሳ በኋላ መጥተው በር ላይ የቆሙ እናቶች አይቻለሁ። ያ ቀጠሮ አይመለስም።

አሻራ ይወሰዳል፤ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይነኩም። ጣታችሁ ጫፍ ላይ ቁስል ወይም ደማቅ ሂና ወይም እንሶስላ ካለ መሣሪያው ሊቸገር ይችላል። በዚያ ሰሞን ጣታችሁን ተጠንቀቁ። የተሰጠ አሻራ ለ59 ወር ያገለግላል።

ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት ጀምሮ 12 ዓመት ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ነው። ከ6 ዓመት በታች አይከፈልም። የማመልከቻ ማዕከል ካለ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል። ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ አይመለስም።

ጥያቄ ሲጠየቁ አጭር መልስ ስጡ። ከፋይሉ ጋር የሚስማማ መልስ። "የት ታድራለህ?" ሲባል የሆቴሉን ስም የማያውቅ ሰው ዕቅዱን ሌላ ሰው እንደሠራለት ያስታውቃል። እናታችሁ የምትሄድ ከሆነ ዕቅዷን ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ አስተርኳት።

9. ስቲከሩን እዚያው አንብቡ

ፓስፖርቱ ሲመለስ ደስታው ስለሚያሸንፍ ማንም ስቲከሩን አያነብም። አክስቴ ልጇን ለመጠየቅ ቪዛ ስታገኝ ከጁን 1 እስከ ጁላይ 15 ይላል። ቤተሰቡ 45 ቀን ብሎ ቆጠረ፤ ተመላሽ በረራዋም ጁላይ 14 ተያዘ። ቡና እየተፈላ ስቲከሩን በስልክ መብራት አስጠግቼ ሳየው ከታች፣ የቆይታ ቀናት በሚለው ቦታ፣ 30 ተጽፏል። አክስቴ መቆየት የምትችለው 30 ቀን ነበር። ጁን 1 ከገባች ጁን 30 መውጣት አለባት።

ስለዚህ አራት ቦታ እዩ። ከመቼ እስከ መቼ የሚለው ቪዛው የሚሠራበት ክፍተት ነው። የቆይታ ቀናት የሚለው በዚያ ክፍተት ውስጥ የተፈቀደላችሁ ቀን ነው፤ የምትገቡበትም የምትወጡበትም ቀን ይቆጠራል። የመግቢያ ብዛት 01 ካለ አንዴ ብቻ ነው። ከፓሪስ ለንደን ደርሼ ልመለስ ካላችሁ፣ የእንግሊዝ ቪዛ ቢኖራችሁ እንኳ ወደ ፓሪስ መመለሻ የላችሁም። አራተኛው ስምና የፓስፖርት ቁጥር ነው። ስሕተት ካለ በዚያው ቀን ለሰጣችሁ ክፍል አመልክቱ። ቦሌ ላይ የሚያስተካክል የለም።

10. በሌላ አገር የምታልፉ ከሆነ

ኢትዮጵያውያን በሸንገን አየር ማረፊያ ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት ውስጥ ናቸው። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የጃፓን ቪዛቸው ያልተቃጠለ ነፃ ናቸው። በፍራንክፈርት አልፎ ሌላ አኅጉር የሚሄድ ዘመድ ካላችሁ ቲኬት ሳይገዛ ንገሩት።

ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ተመድባለች። መንገዳችሁ በደቡብ አፍሪካ ወይም በሕንድ ከሆነ የክትባት ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ የሚሠራው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

11. ቦሌና ድንበሩ

ቪዛ ድንበር ላይ የመቅረብ ፈቃድ ነው፤ መግባቱን የሚወስነው የድንበር ፖሊሱ ነው። የሆቴሉን ወይም የዘመዱን አድራሻ፣ ተመላሽ ቲኬቱን፣ ኢንሹራንሱን፣ የገንዘብ ማስረጃውንና የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ በወረቀት አትማችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙ። ወደ ጭነት በገባ ሻንጣ ውስጥ ያለ ሰነድ እንደሌለ ነው። ስልክም ባትሪው ያልቃል።

የበረራውን ሰዓትም ተጠንቀቁ። ጁን 12 ከለሊቱ 00:30 የሚል ቲኬት ቦሌ የሚያስገኛችሁ ጁን 11 ማታ ነው።

እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ሸንገን መግቢያና መውጫን በኤሌክትሮኒክ መንገድ መመዝገብ ጀምሯል። የቆይታ ቀናችሁን የሚቆጥረው ኮምፒውተር ነው። አንድ ቀን ማሳለፍም ይታያል፤ ለሚቀጥለው ማመልከቻ ይጠብቃችኋል። ታማችሁ ወይም በረራ ተሰርዞ ቀኑ ሊያልፍባችሁ ከሆነ ሳያልፍ በፊት ያላችሁበትን ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ አነጋግሩ፣ ማስረጃውንም አስቀምጡ።

"ኤቲያስ አወጣላችኋለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ አትክፈሉ። እሱ ቪዛ ለማይጠየቁ አገሮች ዜጎች የታሰበ የኦንላይን የጉዞ ፈቃድ ነው።

12. ከተከለከላችሁ

ወረቀቱን አትቅደዱ። ምክንያቶቹ በዝርዝር ታትመው እናንተን የሚመለከተው ላይ ምልክት ይደረጋል። የጉዞው ዓላማ ወይም የቆይታው ሁኔታ አሳማኝ አይደለም ካለ አራተኛውንና አምስተኛውን ደረጃ እንደገና ሥሩ። የመመለስ ፍላጎታችሁ አጠራጥሮናል ካለ የሥራና የቤተሰብ ማስረጃው ደካማ ነበር ማለት ነው። የገንዘብ ማስረጃ ከሆነ ስቴትመንቱን እዩት።

ይግባኝ ማለት መብታችሁ ነው። መንገዱና ቀነ ገደቡ ግን በየአገሩ ይለያል፤ እዚያው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ለምሳሌ ጀርመን ለኤምባሲው ይቀርብ የነበረውን የ"እንደገና ይታይልኝ" ደብዳቤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ አቁማለች፤ የቀረው ፍርድ ቤት ወይም አዲስ ማመልከቻ ነው።

እንደገና ለማመልከት የሚከለክል የጥበቃ ጊዜ የለም። ግን ያንኑ ፋይል መልሳችሁ አታስገቡ። ምን እንደተቀየረ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፦ ባለፈው ይህ ጎድሎ ነበር፣ አሁን ይኸው። ደብዳቤውን ከፋይሉ መጀመሪያ ላይ አድርጉት።